ጓሳን በስፒከር ያሞቁ ጀግኖች

ውለታቸው ተረስቶ እንዳይቀር ዛሬ እነሱን እናመስግን፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ቅዳሜን ጠብቀው ወደ መንዝ ጓሳ የሚወጡትን የአዲስ አበባ ካምፐሮች። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ለሌላው ሰው በቂ ጀብዱ ነው። እነሱን ግን አያረካቸውም፤ ከተማውን ጭነው ካልሄዱ ጉዞ አይሆንላቸውም።

ቀጠሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ መኪናው የሚነሳው 4 ሰዓት። በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ታጥፎ 260 ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆነው መንገድ ደብረ ብርሃን ላይ ጥብስ፣ ጣርማ በር ላይ ፎቶ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ «አንዴ አቁምልን» ሲጨመርበት ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ያልቃል። እሰይ! በቀን ድንኳን መትከልማ ማን ያቅተዋል?

አዋቂ ነን ባዮች ብዙ ይላሉ። ከፍ ያለ ደልዳላ ቦታ ምረጡ፣ የድንኳኑን ጠባብ ጎን ለነፋሱ ስጡ፣ የካስማውን ጫፍ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱን ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱ፣ የላይኛው ልባስ የውስጡን እንዳይነካ ወጥሩት፣ እያሉ ሰው ያደክማሉ። ካምፐሮቻችን በስልክ መብራት እየዞሩ ለእግር የሚለሰልሰውን ረባዳ ይመርጣሉ። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር የሚወርደው፣ ዝናብ ቢመጣም ውሃው የሚተኛው እዚያው መሆኑ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ ነው። ከሥር የሚነጠፈውን ሸራ ከወለሉ አስፍተው ስለሚያወጡትም ከልባሱ የሚንጠባጠበውን ሁሉ ተቀብሎ ከጀርባቸው ሥር ያጠራቅምላቸዋል። ካስማው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነቅለው ጥፋቱ የድንኳኑ ሻጭ ነው።

ወገብ ደግሞ ምቾት ይፈልጋል። ስለዚህ ጓሳ የሚባለው ሣር ይታጨድና ይነጠፋል። ይህ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳንና ገመድ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሳያጭድና ሳያስግጥ በተራ እየጠበቀ አቆይቶታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ማኅበረሰቡ ግን ኋላ በራሱ ኮሚቴና በራሱ ጠባቂዎች መልሶ ያዘው። ሎጁም የድንኳን ቦታውም የዚሁ ሥራ ነው። የኛ ሰዎች የዘመናቱን ጥበቃ በአንድ ምሽት ፍራሽ አድርገውታል፤ ባለቤቱ ዓመታት የሚጠብቅበትን ፈቃድ ከማን እንዳገኙት ግን አልተናገሩም።

አሁን ወደ ብርዱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ይገኛል። ስሊፒንግ ባጉ ላይ «10 ዲግሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ መዝናኛ ጽሑፍ ነው። በአየር የሚነፋው ፍራሽም ውስጡ ባዶ ስለሆነ የመሬቱን ቅዝቃዜ ከጀርባ ጋር ያገናኛል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የመንዝ ባና ቢነጠፍ፣ የፈላ ውሃ በማይቀልጥ ጠርሙስ ተሞልቶ በካልሲ ተጠቅልሎ እግር ሥር ቢገባ ሌሊቱ ያልፋል። ግን ባና ፎቶ ላይ አያምርም ይባላል። (ፎቶ ላይ የማያምረው የሰው ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ነው፤ ይሁን።)

ስለዚህ የፍም ምድጃው ድንኳን ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ባርኔጣ እናንሳ። ነፋስ እንዳይገባ ዚፑ እስከ ታች ይዘጋል፤ የአየር መውጫዋ ቀዳዳ በሹራብ ትወተፋለች። ፍሙ ጭስ ስለሌለው «ነጥቷል፣ አይጎዳም» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የሚጀምረው በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ነው፤ ካምፐሮቻችን ደግሞ ያንን «ከፍታው ነው» ወይም «ቢራው ነው» ብለው ይተረጉሙና ይተኛሉ። ከዚህ እንቅልፍ የማይነቃ አለ። ፍም በከፊል የተከፈተ ድንኳን ውስጥም ቢሆን አይገባም፤ ራሱን ያመመው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አየር ይወጣል። ይኼን የሚነግራቸው ዘበኛ ግን «ጨለምተኛ» ነው።

ምግቡን በአጭሩ እንለፈው። በዚያ ከፍታ ውሃ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ፓስታውም አዲስ አበባ ከለመደው ጊዜ በላይ ይፈልጋል። ሳይበስል ይወጣል፣ ተበላሸ ተብሎ ይደፋል፤ ከዚያ ቺፕስ ይከፈታል። የቡታን ጋዙ ጣሳም በብርዱ መትነኑ ስለሚዳከም፣ በደረት ሸጉጦ እንደማሞቅ ያለ ቀላል ነገር ከመሞከር ይልቅ የአስታ ቁጥቋጦ ቆርጦ ማንደድ ይመረጣል። ሣሩ መሐል የተለኮሰው እሳት ከላይ የጠፋ መስሎ ሥር ሥሩን ሲሄድ ቢያድር የቅዳሜ ጨዋታ ነው።

ጓሳ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን አዋቂዎቹ 500 እንኳ አይሞሉም። አይጥ የሚያድነው በቀን፣ አድብቶ ነው። ካምፐሮቻችን ታዲያ አጋጣሚው እንዳያመልጠው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምረው ስፒከር ይከፍቱለታል። አንዳንዱማ ለፎቶ እንዲያምር ያልተከተበ ውሻውን ይዞ ይመጣል። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1996 ዓ.ም. ባሌ ላይ ብዙ ቀበሮዎች መግደሉ ባሌ ላይ የቀረ ታሪክ ነው፤ ጓሳ እኮ ሌላ ነው። ኑሮውን በሣር ላይ ለመሠረተው ጭላዳም ዳቦና ሙዝ ይወረወርለታል። የለመደው መንጋ ሰኞ ዕለት እጅ እጅ የሚያየው ካምፐሩን አይደለም፤ የገበሬውን ገብስ ነው የሚጎበኘው።

ሒሳብ ላይ ሲደረስ ጀግንነቱ ይደምቃል። ለጉዞ አዘጋጁ በሺህ የሚቆጠር ብር ያለ ደረሰኝ የከፈለ ሰው፣ ለማኅበረሰቡ የምትከፈለዋ ጥቂት ብር ላይ «ሣር ላይ ለመተኛት ይከፈላል እንዴ?» ብሎ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። የጠባቂው ደመወዝ ከዚያች ብር መሆኑን ሲሰማ «መንግሥት የት ሄዶ?» ይላል። አስከትሎም ሙቅ ሻወር፣ የስልክ ቻርጅና ዋይፋይ ይጠይቃል።

እሑድ ይወጣሉ። መጸዳጃ ቤቱ 50 እርምጃ ስለሚርቅ ሶፍቱ ከድንኳኑ ጀርባ ነጭ አድርጎታል። ሃይላንዱ አንድ ስንዝር በማይሞላ ጉድጓድ «ተቀብሯል»፤ ጅብ ማታውን፣ ቁራ በንጋታው ቆፍረው ያወጡታል። የቀረው ፕላስቲክ እሳት ላይ ተጥሎ ግማሹ ቀልጦ ድንጋይ ላይ ተጋግሯል። አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ሁሉንም ይዞ አዲስ አበባ በገባ ነበር፤ ጆንያው ግን ስፒከሩ አቧራ እንዳይነካው ተሸፍኖበታል።

ማክሰኞ ቪዲዮው ይለጠፋል፤ ከሥሩም እንዲህ የሚል ገንቢ አስተያየት ይሰፍራል፦ «ቦታው ምርጥ ነው፤ ግን ከኛ በፊት የመጡ ሰዎች አቆሽሸውታል። አስተዳደሩ ቢያስብበት። ቀጣይ ጉዞ ወንጪ፣ ቦታ ሳያልቅ ተመዝገቡ!»