«ወታደር ነበሩ?» የሚል መስመር ካርዱ ላይ ይግባ

ነርስ ነኝ። የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ድሬሲንግ ክፍል፣ አንዳንዴ ደግሞ የግፊትና የስኳር ክትትል ላይ። በየወሩ ግፊታቸውን ሊለኩ የሚመጡ አንድ አባት አሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ቶሎ አይነሱም፤ ሁለት ሦስቴ ተጠርተው፣ ጎናቸው ያለው ሰው ነካ አድርጓቸው ነው የሚነሱት። አንዳንዱ ሠራተኛ «እኚህ ሰውዬ ሆን ብለው ነው» እያለ ይበሳጭባቸው ነበር። መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ይሄዳሉ። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ሞላን።

አንድ ቀን ወገባቸውን በጣም አመማቸው። ሆስፒታል ላክናቸው፤ እዚያ ኤምአርአይ ታዞላቸው ወረቀቱን እንዳነብላቸው ይዘው መጡ። ኤምአርአይ በኃይለኛ ማግኔት ነው የሚሠራው፤ ሰውነት ውስጥ ብረት ካለ ሊነቃነቅ ወይም ሊግል ይችላል። ስለዚህ «አባባ፣ ገላዎ ውስጥ ብረት አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አለ እንጂ ልጄ። ከናቅፋ ይዤው የመጣሁት ነው» አሉኝና ሸሚዛቸውን ገለጡ። ግራ ጎናቸው ላይ የቆየ የፍንጣሪ ጠባሳ አለ። ለካ መድፈኛ ነበሩ፤ ጆሯቸው የማይሰማውም በዚያው ምክንያት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያ ስናስር አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሕመምተኛ ካርድ ላይ ዕድሜ አለ፣ ጾታ አለ፣ ቀበሌ አለ። «ወታደር ነበሩ ወይ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን። ከመስመሩ ጀርባ ደግሞ መልሱን ሰምቶ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ነርስ ይኑር።

ጦር ኃይሎች የሚባለውን ሰፈር አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የባቡሩ መጨረሻ ነው። ስሙን ያገኘበት ሆስፒታል ግን መጀመሪያ በነርስ ስም የቆመ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ሎንዶን ውስጥ፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕጻናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች። ለስሙ አይደለም፤ ተምራ፣ ተፈትና፣ ተመዝግባ የወጣች ነርስ ነበረች። አገር ነጻ ሲወጣ ተመለሰች፣ ብዙም ሳትቆይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ አረፈች። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰበችና በልዕልቷ መታሰቢያነት ሆስፒታሉ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። በኋላ ነው የጦር ኃይሎች የሆነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ስትመልስልን ስለ አውሮፕላኗ ብዙ አወራን፤ ደስ ይላል። ስሟ የተሰጠላት ሴት ግን ነርስ እንደነበረች የጠቀሰ ሰው እምብዛም አላየሁም። የወታደሩ ሆስፒታልና የነርሷ ስም አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተገናኙት፤ እኛ ግን ሁለቱንም ረስተን ቆየን።

ስለ ወታደር ጤና ስናወራ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቀዶ ሕክምና ነው። ደም፣ አምቡላንስ፣ ሐኪም። እሱ ያስፈልጋል፣ ነፍስ የሚያተርፈው እሱ ነው። ግን የቀዶ ሕክምናው ጊዜ ቢበዛ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ከሆነ ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ይኖራል። ያ አርባ ዓመት የነርስ ሥራ ነው።

እግሩ የተቆረጠን ሰው ውሰዱ። የቀረው እግር ጫፍ በመጀመሪያው ዓመት መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሠራለት ሰው ሠራሽ እግር ይሰፋዋል፣ ሲሄድበት ይፋተጋል፣ ይልጠዋል። ማስተካከያ ካላገኘ፣ እንዴት እንደሚታጠብና ምን ዓይነት ካልሲ እንደሚደረብበት የሚያሳየው ከሌለ፣ ሰው ሠራሹ እግር አልጋ ሥር ይገባል። ብዙ ቤት አልጋ ሥር የተቀመጠ እግር አለ። ሰውየው ወደ ክራንቹ ይመለሳል። ደግሞ የሌለው እግር ያመዋል። «ጣቴን ይቆረጥመኛል» ይላል፣ ጣት ግን የለም፤ ቤተሰቡ ጤናውን ይጠራጠራል፣ እሱም አፍሮ ዝም ይላል። ይህ ሕመም የታወቀ፣ ስም ያለው፣ መድኃኒትም ያለው ነገር እንደሆነ የሚነግረው አንድ ሰው ቢያገኝ እኮ ግማሹ ጭንቀት ይቀልለት ነበር።

ጀርባው ላይ ተመቶ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ የአልጋ ቁስል ይወጣበታል። የአልጋ ቁስል ላዩ ትንሽ ይመስላል፣ ውስጥ ውስጡን ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሽንቱ በጊዜውና በንጽሕና ካልወጣ ኩላሊቱ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ሰው ከጥይቱ ተርፎ፣ ከዓመታት በኋላ በኢንፌክሽን ነው የሚሞተው። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ መከላከል ይቻላልና።

እቤት ማነው የሚያገላብጠው? እናቱ ናት፣ ሚስቱ ናት፣ እህቱ ናት። በእኛ አገር ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ አስታማሚ አለው። ነርስ አንሶ ስለሆነ ብዙውን ሥራ አስታማሚዋ ትሸፍናለች። ሰውየው ሲወጣ ግን የቀረው ሥራ በሙሉ እሷ ላይ ይወድቃል፣ ያውም ማንም ሳያሳያት። አንዲት ሴት ባሏን በካላማዳሪ ላይ ታስቀምጠው ነበር፤ ቁስሉ መሬት እንዳይነካ ብላ አስባ። አሳቢነቷ ልብ ይነካል። ግን እንዲያ ያለ ክብ ላስቲክ ጠርዙ ደም እንዳይዘዋወር ይይዛል፣ ቁስሉን ያባብሰዋል። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። አምስት ደቂቃ! ትራስ የት የት እንደሚደረግ፣ ተረከዙ እንዴት ከፍራሽ እንደሚነሳ፣ ቆዳው ቀላ ሲል ምን ማለት እንደሆነ አሳየኋት። «ምነው ያኔ ሆስፒታል እያለን ቢነግሩን» አለች። እኔ የምለው፣ አንድ ቁስለኛ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት አስታማሚዋ በእጇ ሠርታ ማሳየት አለባት። ማገላበጥ፣ ቁስል ማጠብ፣ የሽንት ቱቦውን መያዝ። ሳትችል አይውጡ።

አገሪቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዲህ አለ ለሚል፣ ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀድሞው ጦር ሲፈርስ ከ450 ሺህ በላይ ወታደር ነው የተበተነው። ያን ጊዜ ለቀድሞ ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ 148 ሺህ ተሰናበተ። አሁን ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ወደ ኑሮ እመልሳለሁ ብሎ ያቀደው 371 ሺህ 971 የቀድሞ ተዋጊ ነው፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ትግራይ ላይ 75 ሺህ ያህሉን በመጀመሪያው ዙር ይዞ ጀምሯል። መሣሪያ ማስረከብ፣ መመዝገብ፣ የተወሰነ ገንዘብ መስጠት፣ ጥሩ ነው። የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ሰኞ ጠዋት ነው። ልጁ ሰፈሩ ገብቷል፣ ጤና ጣቢያ መጥቷል፣ ካርድ አውጥቷል፣ እኔ ፊት ተቀምጧል። ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። እኛ አገር «ወታደር ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ያስፈራል። የየትኛው ጦር? ከማን ጋር ተዋግተህ? አንዱ ጋ ጀግና የተባለው ሌላው ጋ ጠላት ነው። በ1983 የተበተኑት «የደርግ ወታደር» ተብለው ስንት ዓመት አንገታቸውን ደፍተው እንደኖሩ አይተናል። አሁንም ከመቀሌ፣ ከወልድያ፣ ከሠመራ የሚመጣ ልጅ አፉን የሚይዝበት ምክንያት አለው። ስለዚህ መስመሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት፤ ውጊያ ላይ ነበሩ ወይስ አልነበሩም። ከየት ጦር፣ በማን በኩል የሚል ካርድ ላይ አይጻፍ። ፍንጣሪ ብረት ነው፤ ወገን የለውም። መልሱም የሙያ ምስጢር ነው፣ ከነርሷና ከሐኪሙ አይለፍ። የማይመልስም አይገደድ። እንዲህ ካልሆነ እኔ ራሴ አልጠይቅም።

ሴቶችንም ጠይቁ። ይህን በተለይ እላለሁ፣ ምክንያቱም ሴት ስትመጣ ወታደር ነበረች ብሎ የሚያስብ የለም። ስንት ሴት ታጋይ ነበር፣ ስንት ሴት በመከላከያው ውስጥ አለች። የማሕፀን ችግር ይዛ መጥታ፣ ጎኗ ላይ ያለውን የጥይት ጠባሳ አይተን «ምን ሆነሽ ነው?» ብለን የምናልፍበት ጊዜ አለ። ቁጭ ብሎ የሚሰማት ብታገኝ ሌላም የምትናገረው ይኖራታል።

የአእምሮውን ጉዳይ ሰው ቶሎ «ጦርነቱ ነካው» ብሎ ይዘጋዋል። እንቅልፍ የለውም፣ በር ሲንኳኳ ይዘላል፣ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ ከዚያ አረቄ፣ ከዚያ ጫት። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለዚህ ሕመም በሕክምና መጽሐፋቸው ውስጥ ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ያውም የቬትናም ዘማቾች ብዙ ከወተወቱ በኋላ። እኛ አገር የአእምሮ ሐኪም ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ሥራ የወደቀው በነርሶች ላይ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ነርሶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። እነዚህ ልጆች ያሉበት ቦታ ልዩነቱ ይታያል። ሌላው ቢቀር ትንንሹን ነገር ያውቃሉ። ውጊያ ያየን ሰው ተኝቶ እያለ ትከሻውን ነክተህ አትቀሰቅሰውም። በእግሩ በኩል ቆመህ፣ ትንሽ ራቅ ብለህ፣ በስሙ ትጠራዋለህ። ሚስቱም ይህን ብታውቅ በሌሊት ከሚመጣ ጉዳት ትድናለች። ጸበል ይሄዳል? ይሂድ። የታዘዘለትን ኪኒን ግን አያቋርጥ፤ ከጸበሉ ቦታ አባቶች ጋርም ተነጋግሮ ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ ይመጣል፣ አውቃለሁ። እኔም አዲስ ሆስፒታል ይሠራ አላልኩም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ የየቤተሰቡን ማኅደር የያዙት እነሱ ናቸው። የሚወልደውንና የሚከተበውን ያውቃሉ። በዚያ ማኅደር ውስጥ አንድ መስመር ሲጨመር፣ አልጋ ላይ የቀረው ቁስለኛ ያለበት ቤት ይታወቃል። ከዚያ በወር አንዴ ከጤና ጣቢያው ጓንት፣ ጎዝና የቁስል ማጠቢያ ይዛ የምትሄድ ነርስ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም ላይ የጦር ጉዳተኛው መዋጮ ይሸፈንለት። መቀሌ ያለውን የአካል ድጋፍና የፊዚዮቴራፒ ማዕከል ያስተዳድር የነበረው እኮ የጦር ጉዳተኞቹ የራሳቸው ማኅበር ነው። ዕድሉ ሲሰጣቸው እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ለሌላው ሲያስረዳው ከኔ ይልቅ እሱን ይሰማዋል።

ሰው ሲታወስ ምን እንደሚመስል ለማየት ገርጂ ሂዱ። ኮሪያ ሆስፒታል የምንለው ቦታ የኮሪያ ዘማቾቻችንን በነጻ ያክማል። ቃኘው ሻለቃዎች ኮሪያ ላይ 121 ሰው ሞቶባቸው 536 ቆስሎባቸው ነው የተመለሱት። የሌላ አገር ሰው ከስንት አሥርት ዓመታት በኋላ ያንን አስታውሶ እዚህ መጥቶ ያክማቸዋል። እነዚያ አባቶች ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው። በናቅፋ፣ በባድመ፣ በወሎ፣ በራያ የቆሰለው ግን ብዙ ነው፤ ዛሬ ሰልፍ ላይ ነው፣ እኛው ጤና ጣቢያ በር ላይ።

ዋሺንግተን አካባቢ ነርስ ሆነው የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። እዚያ ለቀድሞ ወታደሮች ብቻ የቆሙ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከነሱ ውጭ ባለው ሆስፒታል ደግሞ የአሜሪካ የነርሶች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 «በውትድርና አገልግለው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ የሚል ዘመቻ ጀምሯል። ሀብታቸውን አልመኝም፣ አንደርስበትም። ጥያቄውን ግን መጠየቅ በነጻ ነው።

እኔ ቅጹ እስኪቀየር አልጠበቅኩም። በእርሳስ ካርዱ ጥግ ላይ ለኔ ብቻ የምትገባኝ ትንሽ ምልክት አደርጋለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለት ሦስት ሰው ይገኛል። እኚያ መድፈኛ አባትም አሁን ከፊት ወንበር ላይ ነው የምናስቀምጣቸው፤ ሲደርሱ ፊታቸው ቆመን በእጅ እንጠራቸዋለን። ኤምአርአዩ ቀርቶ በሌላ ምርመራ ወገባቸው ታየ። ባለፈው ወር ሲመጡ አንድ ሌላ ሽማግሌ በክንዳቸው ደግፈው አመጡ። ሰውየው ዝም ብሎ መሬት መሬት ያያል። «ሲስተር» አሉኝ፣ «እሱንም ጠይቂው።»