የታደሰው ግቢና የእኛ ድሮ

የፋሲል ግቢ ሰፊ እድሳት ከተደረገለት ወዲህ፣ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ከግቢው ሲወጣ ሁለት ስሜት ተቀላቅሎበት ነው። ሥራው ያኮራዋል፤ ወዲያው ደግሞ «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» ይላል፤ በአነጋገሩ ውስጥ አድናቆትም ቅሬታም አለ። በጥምቀት ሰሞን ከየአገሩ ከተሰባሰቡ አብሮ አደጎቼ ጋር ግቢውን ስንዞር የዋልነው በዚሁ ስንከራከር ነበር። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም፣ እንዲህ ያለው ናፍቆት በእድሳቱ ላይ እንደሚቀርብ ክስ ወይም እንደ ተራ የሽምግልና ወሬ ብቻ መታየቱ ትክክል ስላልመሰለኝ ነው።

ለእኛ ግንቡ ቅርስ ከመሆኑ በፊት መዋያ ነበር። ለልጆች ተብሎ የተሠራ መናፈሻ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ፣ ድብብቆሹም፣ የፈተና ጥናቱም፣ በኋላም የፍቅር ቀጠሮው እዚያው ግቢ ውስጥ ወይም አጥሩ ሥር ነበር። አስጎብኚው ለእንግዶች የሚያወርደውን ገለጻ በቃላችን ስለምናውቀው ከኋላ ሆነን እንቀድመዋለን፤ የአንበሶቹ ማደሪያ ባዶ መሆኑን እያወቅን ታናናሾቻችንን እናስፈራራበታለን፤ በዳዊት የዜማ አዳራሽ ገብተን የማን ድምፅ ይበልጥ እንደሚያስተጋባ እንወራረዳለን። ከሁሉ ይልቅ የምንወደው የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ ነበር። በርዕደ መሬት፣ ኋላም ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት በእንግሊዝ የአየር ድብደባ የተጎዳ ሕንፃ ነው። ውስጡ በወርቅ ቅብ፣ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ሲሉን ባዶውን ግድግዳ እያየን የጎደለውን ሁሉ በሐሳባችን እንሞላው ነበር። ሕንፃው ሙሉ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ይማርከን እንደነበር እጠራጠራለሁ።

አሁን የእግር መንገዱ በድንጋይ ተነጥፏል፤ ሣሩ ተስተካክሏል፤ ማታ ማታ ግንቦቹ በመብራት ይደምቃሉ። ከመካከላችን በግንባታ ሙያ የሚተዳደረው ጓደኛችን፣ ሌሎቻችን ፎቶ ስንነሣ እሱ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ የገባውን ፈካ ያለ ኖራ በጣቱ ጫፍ ይዳብስ ነበር። «አሁን አዲስነቱ ዓይን ይወጋል፤ ጥቂት ክረምት ይለፍበትና ከድንጋዩ አትለዩትም» አለን። ኖራ ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት መልሶ እንደሚያስወጣ፣ ሲሚንቶ ግን ስለሚያፍነው ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን እንደሚጎዳው ያስረዳን እሱ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አንዳንዶቹን ግንቦች በሲሚንቶና በአርማታ አድሰው ነበር፤ ይህን እያስወገዱ በኖራ ለመተካት ከነፃነት በኋላ በዩኔስኮ እርዳታ ብዙ ተደክሟል። እንግዲህ በልጅነታችን «የጥንቱ» እያልን የለመድነው መልክ ራሱ የጥገና ውጤት ነበር ማለት ነው።

ነገሩን ወደ ኋላ ብንገፋው ደግሞ የግቢው ታሪክ በሙሉ የለውጥ ታሪክ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1628 ዓ.ም ሲመሠርቱ አንድ ግንብ ሠሩ፤ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩበት፤ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየተከታተሉ የየራሳቸውን አከሉ። በካፋ የቀድሞውን ግቢ የናፈቀ ሽማግሌ ቅር ይለዋል ብለው ግንባታቸውን አላስቀሩም። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህን የተደራረበ ሥራ ነው። ስለዚህ «ለዛው ጠፋ» የሚሉ ወዳጆቼን ስሰማ፣ ስለ ድንጋዩ የሚሰጡትን ፍርድ በጥርጣሬ ነው የምቀበለው። ድንጋዩን በተመለከተ ባለሙያውን ማመን ይሻላል።

ናፍቆት የሚታመንበት ሌላ ጉዳይ ግን አለ። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት መምጣት ያልቻለ ጓደኛችን በስልክ ምስሉ እየታየን አብሮን ይዞር ነበር፤ መብራቱንም ንጣፉንም አድንቆ ሲያበቃ፣ የማትሪክ ሰሞን ተኮልኩለን የምናጠናበትን ደረጃ እንድናሳየው ለመነን። አሳየነው። «በሉ ቁጭ በሉና ልያችሁ» አለን። እኛም እርስ በርስ ተያየን። ማንም አልከለከለንም፤ የሚከለክል ጽሑፍም አላየንም፤ ግን ሁሉ ነገር ከመጽዳቱና ከመስተካከሉ የተነሣ እኛው ራሳችን አፈርን። የእንግዳ ቤት ሶፋ ላይ ሸብረክ ብሎ እንደሚቀመጥ ዘመድ ሆነን፣ ለፎቶ ያህል ተቀምጠን ተነሣን። የጎደለብን ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አረሙና የፈራረሰው ጠርዝ አይደለም የናፈቀን፤ ስንገባ የማንጠይቅበት፣ ስንቀመጥ የማንሳቀቅበት ባለቤትነት ነው። ይህ ደግሞ ከእድሳት ጋር አብሮ መጥፋት የነበረበት ነገር አይደለም።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለው የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ነው። ገንዳው ዓመቱን ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሐ በሚሳብ ውሃ ይሞላል፤ ጸሎቱ ደርሶ ውሃው ሲባረክ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል። የዛፎቹ ሥሮች በግድግዳው ላይ እንደ ልባቸው ወርደው ድንጋዩን አቅፈውታል፤ ይዘውትም ሰንጥቀውትም ስለሆነ ለጠጋኝ አስቸጋሪ ነው፤ ቢነቀሉ ግድግዳው ይናዳል፣ ቢተዉ ስንጥቁ ይሰፋል። ሆኖም በዚያ ቦታ የጎንደር ሰው እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ ምክንያቱም ቦታው ዛሬም የተሠራለትን አገልግሎት ይሰጣል።

ድሮ ሁሉ ደግ ነበር ለማለት ግን አልፈልግም። ጥምቀት በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት በተመዘገበበት በዚያው በ2012 ዓ.ም፣ በዚሁ ጥምቀተ ባሕር ለታዳሚ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። እኛ በልጅነታችን እንዲህ ባለው ርብራብ ላይ እየተንጠላጠልን ነበር በዓሉን የምናየው፤ ስናወራው ጨዋታ ይመስላል፤ ያን ጥር የተቀበሩትን ልጆች ወላጆች ፊት ግን አይወራም። የጥንቃቄ ደንብ ነፃነታችንን ወሰደብን ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። ከግንቦቹ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያነብበትና የሚያወራበት መቀመጫ ይኑር፤ የሚቻልበት ቦታም በግልጽ ይጻፍ። የከተማው ተማሪ ያለ ክፍያ ገብቶ የሚያጠናበት ሰዓት ይመደብ። የዜማ አዳራሹ ዜማ ይሰማበት፤ ጎንደር አቋቋም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ አገር ሆና ሳለ ያ አዳራሽ ለአስጎብኚ ገለጻ ብቻ መዋሉ ያሳዝናል። በሰላሙ መታጣት ምክንያት የውጭ ጎብኚ በሳሳበት በዚህ ጊዜ፣ ግቢውን በየቀኑ ሊሞላው የሚችለው የአዘዞ፣ የማራኪና የአራዳ ልጅ ነው፤ ልጅ ሆኖ ያልገባበትን ግቢ ደግሞ ሲያድግ ይጠብቀዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በግቢው ውስጥ እየዞሩ ፎቶ በማንሣት የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ሙሽራውን፣ ተመራቂውን፣ ከገጠር ለበዓል የመጣውን ቤተሰብ በፋሲል ግንብ ፊት አቁመው ያነሡት ፎቶ ዛሬም በየቤቱ አልበም ውስጥ አለ፤ ከሰዎቹ ጀርባ ደግሞ ከእድሳቱ በፊት የነበረው ግድግዳ፣ ዛፍና ደረጃ በየዘመኑ መልኩ ይታያል። እነዚህ ፎቶዎች ቢሰበሰቡና ከግቢው ክፍሎች በአንዱ ቢሰቀሉ፣ አድሳሹም ናፋቂውም የየራሱን ማስረጃ ያገኝበታል። ከፎቶ አንሺዎቹ አንዳንዶቹ አርጅተዋል፤ የትኛው ፎቶ መቼ እንደተነሣና ማን እንደሆነ የሚነግሩን እነሱ ስለሆኑ፣ ፎቶ ማሰባሰቡ ቢጀመር ከእነሱ ቤት ቢጀመር ይሻላል።