የልጅቷ ፓስፖርት ከድሬ ሪያድ ሲላክ ኃላፊው ማነው?

ዳታ ከአገር ይወጣል ሲባል ድሬ ላይ ብዙ ሰው የሚመስለው የባንክና የቴሌ ጉዳይ ነው፣ ግን እውነቱን ከተነጋገርን በየቀኑ የሰው መረጃ ውጭ የሚልኩት ትንንሽ ቢሮዎች ናቸው፣ ትራንዚተሩ ጅቡቲ ላለው ወኪል የሾፌሩን ፓስፖርት በዋትስአፕ ይልካል፣ ኤንጂኦው የተረጂ ስም ዝርዝር ለዋናው ቢሮ ኢሜይል ያደርጋል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሴቶቹን ወደ ዓረብ አገር የሚልኩት ኤጀንሲዎች ጋር ያለው ነገር ነው።

የአንዷን ልጅ "ሲቪ" አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከራስ እስከ እግር የተነሳችው ፎቶ አለበት፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ሃይማኖት፣ ቁመት፣ ኪሎ፣ አግብታለች ወይ፣ ስንት ልጅ አላት፣ አንዳንዴ የሜዲካል ውጤቷም አብሮ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ በአንድ ፒዲኤፍ ከሰራተኛው የግል ስልክ ይነሳና እዛ ላለው ኤጀንት ይደርሳል፣ እሱ ደግሞ ለሚፈልጋቸው አሰሪዎች ይበትነዋል። ልጅቷ ቪዛው መጣላትም ቀረባትም ፋይሉ እዛው ነው። እዚህም ቢሆን ፎቶው ስልኩ ጋለሪ ውስጥ ይቀመጣል፣ ባክአፕ ከበራ ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ይወጣል፣ ሰራተኛው ስራ ለቆ ስልኩን ይዞ ሲሄድ ደግሞ ማን ይጠይቀዋል?

ህግ የለም እንዳይባል አለ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፣ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ የሰው መረጃ ወደ ውጭ ሲላክ ተቀባዩ ጋር በቂ ጥበቃ መኖር አለበት፣ የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተቀባዮቹም አገሮች ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ ኤምሬትስ በ2021 በፈረንጆቹ የራሷን ህግ አውጥታለች፣ የሳዑዲውም ከመስከረም 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆኗል። ስለዚህ የሪያዱ ኤጀንትም ተጠያቂ ነው፣ የኛ ቢሮዎች ግን ይሄን ይዘው ሲደራደሩ አላየሁም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ይቀጣሉ፣ ፌስቡክን የያዘው ሜታ የአውሮፓውያንን መረጃ ወደ አሜሪካ በማስተላለፉ በ2023 አየርላንድ ውስጥ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል።

የኤጀንሲ ባለቤቶች የሚሉት ይታወቃል፣ "ፈርማለች እኮ"። ምን ላይ ነው የፈረመችው? ከአስር ወረቀት ጋር ተደርቦ የተሰጣትን ገጽ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በማታነበው ቋንቋ፣ እምቢ ካለች ደግሞ ወረፋዋ ይሰረዛል። ይሄ ፈቃድ አይባልም። ሌላው "አሰሪው ፎቶ ካላየ አይመርጥም" የሚሉት ነው፣ እሺ ፎቶውን ይይ፣ የፓስፖርት ቁጥሯና የምርመራ ውጤቷ ግን ገና ላልመረጣት ሰው ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ ስም የሌለበት አጭር ፕሮፋይል ይላክ፣ ኮንትራት ሲፈረም ቀሪው ለዛ አሰሪ ብቻ ይሂድ። ይሄ ገንዘብም አይጠይቅም፣ የአሰራር ለውጥ ነው።

ከውጭው ኤጀንት ጋር በሚደረገው ውል ላይም ያልተቀጠረች ልጅ ፋይል በስንት ቀን እንደሚጠፋ በግልጽ ይጻፍ። መላኪያውም የቢሮ ኮምፒዩተርና የቢሮ አካውንት ይሁን፣ የማንም የግል ስልክ አይሁን። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው አካል ደግሞ የቢሮውን ኪራይ ውልና ዋስትና እንደሚያየው ሁሉ ይሄንንም ገብቶ ይይ። ልጅቷ "ፋይሌን አጥፉልኝ፣ እዛ ያለውንም አስጠፉልኝ" ካለች መልሱን በጽሁፍ ትቀበል፣ ካልሰሟት ደግሞ አቤቱታዋን እዚሁ ድሬ በሶማሊኛም በኦሮምኛም በአማርኛም የሚቀበላት ሰው ይመደብ።