የመኪና ደላላ ይኑርልን

መኪና ለመግዛት ብር ከማጠራቀም የሚከብደው ማሰብ ነው። ሞዴል ማጣራት፣ ዋጋ ማወዳደር፣ ከሚስት ጋር መመካከር፣ አንድ ሌሊት አስቦ ማደር። ይህን ሁሉ ጣጣ ከትከሻችን ያወረደልን የመኪና ደላላችን ነው። እሱ ባይኖር አስበን እንገዛ ነበር። እግዜር ሰውሮናል።

አንዴ ስልክህን ከሰጠኸው ብቸኝነት የሚባል ነገር አታውቅም። ገና በማለዳ "ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ? አንዷን ይዤልሃለሁ" ይልሃል። የገዛ ወንድምህ የሚደውለው ለበዓል ብቻ ነው።

መኪናዋ ሁሌም የዶክተር ናት። በዚህ ከተማ የተሸጡት የዶክተር መኪኖች ቢቆጠሩ ጤና ጣቢያ ሄደን ወረፋ ባልጠበቅን ነበር። ዶክተሩ ደግሞ ብዙም አይነዳም። 20 ዓመት ያለፋት ቪትዝ ቆጣሪዋ 70 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲል ትገረማለህ። ደላላው አይገረምም። "ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ናት" ይልሃል።

አቀባበሉስ! ሞተሩን አሙቆ ይጠብቅሃል፤ መኪናዋ ጠዋት በብርድ ስትነሳ የምታስለውን ሳል ሰምተህ እንዳትጨነቅ ነው። መኪናዋን ስታይ እጁን ፓራፋንጎዋ ላይ ጣል ያደርጋል። ዞረህ ስትመለስም እጁ እዚያው ነው። ፍቅር ይመስልሃል። ለካ ከሥሩ ስቱኮ አለ። መካኒክ ይዤ ልምጣ ካልክ "ምን አደከመህ!" ብሎ አጠገቡ የቆመውን ልጅ ይጠራልሃል። ልጁ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል። "ጥይት ናት!"

መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ዕውቀቱ ጠልቋል። የነዳጅ የሚሸጥልህ ከሆነ "ከእንግዲህ አይገባም፣ እንደ ወርቅ ያዛት" ነው። የኤሌክትሪክ ከሆነች ደግሞ "ነዳጅ አበቃለት፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ልታረጅ ነው?" ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ አፍ፣ ከልቡ ይለዋል። ስለ ባትሪው ጤንነት ብትጠይቀው ስክሪኑን ያሳይሃል። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው።

ማሰብ ልትጀምር መሆኑን ፊትህ ላይ ካነበበ ግን ቶሎ ይደርስልሃል። "ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው።" ይህ ሰው መጥቶ አያውቅም። ምናልባት ቦሌ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ይሆናል።

ኮሚሽን ላይም አያዳላም፤ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል። ውል በምትፈራረሙበት ቀን ብቻውን አይመጣም። አይተሃቸው የማታውቃቸው አራት ሰዎች አጅበውት ይደርሳሉ። ሁሉም አገናኝ ናቸው፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። አንዱን ምን እንደሠራ ብትጠይቀው ይቀየምሃል።

"መኪናዋ የቆመችበትን ሰፈር ያሳየሁት እኔ ነኝ እኮ!"