ከፊርማው በኋላስ?

ስለ ውል የወጣ አንድ ጽሑፍ አነስተኛ ነጋዴዎችን «ሁሉንም ነገር በጽሑፍ አድርጉ» ይላል፤ ትክክል ነው። ግን ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ደንበኛው ይደውልና «ይህችንም ጨምርልኝ» ይላል። እሺ ይባላል። ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን ግን አይነሳም። ሂሳብ ሲተሳሰቡ ሁለቱም የሚያስታውሱት የተለያየ ነው። ስለዚህ ስልኩ እንደተዘጋ አጭር መልእክት ላኩ፦ ምን ተጨመረ፣ በስንት፣ እስከ መቼ። «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስም ተቀበሉ። ውሉ ራሱ «ለውጥ የሚጸናው በሁለታችን ፊርማ ነው» የሚል ከሆነ ግን መልእክት ላይበቃ ይችላል፤ አስፈርሙ።

ጽሑፉ ያላነሳው ትልቅ ነገር ደግሞ የግል ዋስትና ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት (ባለቤቱ በመርህ ደረጃ ለድርጅቱ ዕዳ በግል ንብረቱ የማይጠየቅበት) ስላቋቋሙ ብቻ የግል ንብረታቸው የተጠበቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ለብድር ወይም ለኪራይ በግላቸው ዋስ ሆነው ከፈረሙ ግን ድርጅቱ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው እነሱ ላይ ይመጣል። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ዋስትናው በገንዘብ መጠንና በጊዜ እንዲገደብ ጠይቁ። የሚስማማ አበዳሪ አይጠፋም። የድርጅቱንና የቤቱን ገንዘብ በአንድ የባንክ ሂሳብ ማደባለቅም ይቅር። ክስ ሲመጣ «ድርጅቱ ሌላ፣ እኔ ሌላ» ብሎ ለመከራከር ያስቸግራል።