ደቦ በኢንሹራንስ

ወዳጄ የአናጢ ልጅ ነው። አባቱ ደብረ ብርሃን አስፋልት ዳር ቆርቆሮ ዘርግተው አልጋና በር ሲሠሩ ኖረዋል። እሱ ደግሞ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት አጠገብ፣ የሦስት ዓመት የእንጨት ሥራ ሥልጠና ጨርሶ ለሰው ተቀጥሮ ሲሠራ ቆየ። አምና የራሱን ወርክሾፕ አቆመ። በብሎኬት ሳይሆን በእንጨት። እኔ ከሙያው የማውቀው መሸከም ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ተሸከምኩ።

መጀመሪያ የተሠራው ወረቀቱ ነው። እዚህ አገር በራስህ ስም የቤት ዕቃ መሥሪያ ለመክፈት የማይስተርነት (የሙያው አለቅነት) ፈተና ማለፍ፣ ወይም የብዙ ዓመት ልምድ በማስረጃ ማሳየት አለብህ። እሱ ማታ ማታ ተምሮ ተፈተነ። ከዚያ የግንባታ ፈቃድ፣ የመሐንዲስ ስሌት፣ የመጋዙ ድምፅ ጎረቤት ይረብሽ እንደሆነ፣ ብናኙ በየት እንደሚወጣ። አባትየው በስልክ «ልጄ፣ እስካሁን አልቆመም?» ይሉታል። «አባባ፣ ፊርማ እየጠበቅኩ ነው።» ሁለቱም ይስቃሉ። ፊርማ መጠበቅ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለማ። ግን ልጅየው ፊርማውን ካገኘ በኋላ ማንም ከቦታው አላነሳውም። እሳቸው መንገድ በሰፋ ቁጥር ቆርቆሯቸውን ጠቅልለው ሦስት ጊዜ ተነስተዋል።

እንጨቱ ሲመጣ ደግሞ ደርቆ ነው፤ እርጥበቱ 15 በመቶ ገደማ። አባትየው የሚገዙት ባሕር ዛፍ ገና ውሃ የሚተፋ ነው። በክረምት የገጠሙት ቁም ሣጥን በጋ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ሌላው ክረምት ሲመጣ ደግሞ መሳቢያው አልከፈት ይላል። ደንበኛው «አናጢ ሌባ ነው» ብሎ ይደመድማል። እኔም እንደዚያ እል ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ለካ ሰውየው ያጣው እጅ ሳይሆን ጣራ ነው፤ እንጨት ደርድሮ ዓመት የሚያቆይበት ደረቅ ቦታ።

ወርክሾፑ የሚቆምበት ቀን ሲቃረብ አባትየው ለጉብኝት መጡ። ዋዜማውን ኤስሊንገን የምትባለውን ከተማ አሳየናቸው። እዚያ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙ የእንጨት ቤቶች አሉ። እንዲህ ባሉ የድሮ ቤቶች በቋሚዎቹ መካከል ጭራሮ ይጎነጎንና ጭቃና ጭድ ይመረግበታል። ልጅየው ይህን ሲነግራቸው ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። «ታዲያ ይሄ የኛው ጭቃ ቤት አይደል?» ቀጥለው ዓይናቸው ወደ መሠረቱ ወረደ። እንጨቱ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው፤ አፈር አይነካም። «እኛ ቋሚውን እንቀብረዋለን። የተቃጠለ ዘይት ብንቀባውም ምስጥ ከታች ይጨርሰዋል።» ጭቃ ቤት በጭቃው ሲታማ ይኖራል እንጂ የሚሞተው በእግሩ ነው። እርግጥ እዚህ ብርዱ ምስጡን ከልክሎላቸዋል፤ ይህም አይካድም።

በማግስቱ አሥራ ስምንት ሰው ተሰበሰበ። ቋሚውም ወራጁም መሬት ላይ ተጠርቦና ቁጥር ተቀርጾበት ተዘጋጅቷል። የአንዱ ምላስ ከሌላው ቀዳዳ ገብቶ በእንጨት ሚስማር ይቆለፋል። ማታ ላይ አጽሙ ቆመ። አባትየው «ደቦ ነዋ!» አሉ። ደቦ ነው፤ ልጅየው ግን በነፃ ለሚያግዙት ሁሉ ለአደጋ መድን አስመዝግቦ፣ በሰዓታቸው ልክ መክፈል ነበረበት። ይህን ሲሰሙ ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ከጣራ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ የቀረ ጓደኛ ነበራቸው። አንድ ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱና «ምላሱ ትንሽ ጠብቋል» አሉት። ማይስተሩ ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ጣራው ሲቆም ጫፉ ላይ ትንሽ ጥድ ይታሰራል። አናጢው ከላይ ሆኖ ግጥም ይልና ጠጥቶ ብርጭቆውን ይወረውራል፤ ከተሰበረ ገድ ነው ይባላል። ተሰበረ፣ ተጨበጨበ። ፍልሰታ ስለነበር ቋሊማውን ያልነኩት አባት የድንች ሳህናቸውን አስቀምጠው መጥረጊያ ፈለጉ።

«አባባ፣ ተወው፣ ባህላቸው ነው!»

«ይሁን። ነገ ግን አንተ ነህ እዚህ የምትንበረከከው» አሉና ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀሙ።