ጨጓራ ነው፣ ያልፋል

የሰፈሬ ሰው ይባረክ! የልብን ምት የሚያነበው ኢሲጂ ማሽን ምን ያደርግልናል? እኛ እኮ ሰው ደረቱን ሲይዝ ከሩቅ አይተን "ጨጓራ ነው" የምንል ሕዝብ ነን። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ።

ባለፈው ጎረቤታችንን ጋሼን እራት ላይ ደረታቸው መሃል ጫን አድርጎ ያዛቸው። ድንጋይ የተጫነኝ መሰለኝ አሉ። "ሽሮው ነው!" ተባለ ወዲያው። ግራ ክንዳቸውንና መንጋጋቸውንም ሲያማቸውስ? ብርድ ነዋ። ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቃቸው ደግሞ እትዬ እልል ለማለት ትንሽ ቀራቸው፦ "ይኸው፣ በላብ እየወጣላቸው ነው!" ጋቢ ተደረበ። (ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ላይማ ድንገተኛው የልብ ሕመም ደረት ሳያም፣ ትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለእሱም ስም አላጣንም፣ "ነርቭ ነው"።)

ሕክምናው በሽ ነው። አምቦ ውሃ መጣ፣ ጤና አዳም ያለበት ሻይ መጣ፣ ተልባ ተበጠበጠ፣ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ጋዙ እንዲወርድላቸው ብሎ፣ አርፈው መቀመጥ የነበረባቸውን ሰውዬ ደግፎ ግቢውን ሦስት ጊዜ አዞራቸው። "ሆስፒታል ብንወስዳቸውስ?" ያለ አንድ ሰው ነበር፣ አፈረ። ይንጋና! በዚህ ማታ ታክሲው ስንት ሊለን ነው? ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ግን ይንጋና አያውቅም፣ በየደቂቃው እየሞተ ነው የሚሄደው፣ ይሉኝታ ቢስ።

ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ጮሃብን ይዛቸው በረረች። ሐኪሙ መቼ ጀመራቸው ሲል ሁለት ሰዓት ላይ አልነው፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። አስፕሪን አስኘኳቸው። ለካ አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ነገር ያለበት ካልሆነ፣ ተልባው እስኪበጠበጥ 300 ሚሊግራም ማኘክ ይቻል ነበር። ግን አስፕሪን ምን ሽታ አለው? እንደ ጤና አዳም ቤቱን አያውደው።

ጋሼ ተርፈዋል፣ ደረጃ ሲወጡ ያለከልካቸዋል እንጂ። ሰፈሩም ያዳናቸው ሻዩ ነው ብሎ ተስማምቷል።

ያን ማታ ግቢው ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ነበርን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ያስታወሰ አንድም የለም። የዕድሩን ጸሐፊ ስልክ ግን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፣ ድንኳኑም ሳይረፍድ ይደርሳል፤ በዚህስ አንታማም።